«ድሮ ሰው ነበር የሚሞተው፣ አሁን ቲቪ ነው»

የአዌቱ ዳር ልጅ፦
ሰላም ለጅማ ልጆች። ትናንት አንድ ስብሰባ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። አዳራሹንም ጠሪውንም አልናገርም። ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ በፕሮጀክተር የአገሪቱን የአየር ጠባይ አደጋ ካርታ አሳየን። ሱማሌ ቀይ፣ ቦረና ቀይ፣ አፋር ቀይ። ጅማ ጋ ሲደርስ «ይህ አካባቢ አረንጓዴ ስለሆነ ለአየር ጠባይ አደጋ ተጋላጭነቱ ዝቅተኛ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። በቃ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። ባለፈው ክረምት ውሃ የገባበት ምልክት እስካሁን የተከራየሁት ቤት ግድግዳ ላይ አለ፤ ከጉልበቴ በላይ ነው። እጄን አወጣሁ። «ለጥያቄ ሰዓት የለንም» ተባለ። ለሻይ ግን ነበራቸው።

ካልቨርት፦
ኩኪሱስ ነበረ?

የአዌቱ ዳር ልጅ፦
ነበረ። በንዴት አራት በላሁ።

ቁጥር አይዋሽም፦
አሁን ይሄ ምኑ ያናድዳል? ካርታው የአገር ነው። ቦረና አምስት ወቅት በተከታታይ ዝናብ ጠፍቶበት ከብቱ ያለቀ ሕዝብ ነው። አንተ የአዌቱ ወንዝ ጓሮዬን አጠበው ብለህ እኩል ቀለም ትፈልጋለህ? ጅማ እኮ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ይልቅ ትልቁን ነገር ልንገራችሁ። የዓለም ሜትዮሮሎጂ ድርጅት በፈረንጆቹ ከ1970 እስከ 2019 ያለውን ደምሮ አውጥቷል። ከአየር ጠባይ፣ ከአየር ንብረትና ከውሃ ጋር በተያያዙ ከ11,000 በላይ አደጋዎች 2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ግን እዩት። መጀመሪያ ላይ በቀን 170 ሰው ነበር የሚሞተው፤ በመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት 40 ነው። ኪሳራው ደግሞ በቀን ከ49 ሚሊዮን ዶላር ወደ 383 ሚሊዮን ወጥቷል። በአጭሩ ድሮ ሰው ነበር የሚሞተው፣ አሁን ቲቪ ነው። እኔ ይሄን መሻሻል ነው የምለው።

የአዌቱ ዳር ልጅ፦
ቲቪ? ቲቪ የለኝም ወንድሜ። የራሰው ፍራሽ ነው። ሦስት ፍራሽ፣ ግማሽ ኩንታል ዱቄት፣ የልጄ የስምንተኛ ክፍል ደብተሮች በሙሉ። ሚኒስትሪ ሊፈተን ሳምንት ሲቀረው።

የጂሬኗ፦
ሚኒስትሪ በክረምት ነው እንዴ የሚፈተኑት?

የአዌቱ ዳር ልጅ፦
ሰኔ ነበር። ሰኔ ክረምት አይደለም? አንቺ ደግሞ ጎርፉን ትተሽ ወሩን ትቆጥሪያለሽ።

የጂሬኗ፦
ጠየቅኩ እንጂ ምን አልኩ? አብሽር። ልጁ አለፈ?

የአዌቱ ዳር ልጅ፦
አለፈች። ሴት ናት። አልሐምዱሊላህ።

የሰቃ ልጅ፦
ለቁጥር አይዋሽም ጥያቄ አለኝ። ኅዳር ላይ እሸት ቡናችንን ለቅመን ማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥተን ባላሰብነው ቀን ዝናብ መጣ። ሸራ አለበስነው፣ ግን ሁለት ቀን አልቆመም። ቡናው ሻገተ፣ ጠረኑ ተበላሸ። ነጋዴው እፍኝ አንስቶ አሸተተና ዋጋውን እዚያው ቆረጠው። ማንም አልሞተም። ይሄ አደጋ ነው ወይስ ቲቪ?

ቁጥር አይዋሽም፦
ይሄ የጥራት ችግር ነው።

የሰቃ ልጅ፦
ሃሃሃ። እሺ፣ ዝናቡ የጥራት ችግር አለበት ማለት ነው።

መርካቶ ልጅ፦
ከዛሬ ጀምሮ የሚጠፋ ነገር ሁሉ ቲቪ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ጄኔሬተር ቲቪ ሆኗል፣ የባጃጄ ጎማ ቲቪ ሆኗል።

ወሎዬ በጅማ፦
እናንተ ስትስቁ እኔ አልሳቅኩም። «ድሮ ሰው ነበር የሚሞተው» ብለህ በአንድ መስመር የዘለልከው የአባቴን ሁለት ወንድሞችና አንዲት እህቱን ነው። አባቴ በ77 በሰፈራ በአውቶብስ ተጭኖ ወደዚህ ሲመጣ ዕድሜው 14 ነበር። ወንድሞቹን መጠለያው አጠገብ ቀብሮ ነው የመጣው። ይሄን በ«መሻሻል» አታሳጥረው።

ቁጥር አይዋሽም፦
ነፍስ ይማር። በክፉ አላልኩም። ግን እኮ አንተው አረጋገጥክልኝ። ያኔ እንደዚያ ያልቅ ነበር፣ አሁን አያልቅም። በ2008ቱ የኤልኒኞ ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ፈላጊ ነው ተብሎ እንደ 77 አልሆነም።

ወሎዬ በጅማ፦
አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ ግን አልነገርከንም። ዝናቡ ስለራራልን ነው? በ65 ሰው ወሎ ውስጥ እየረገፈ እህል ከወሎ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይወጣ ነበር፤ የወሎ ገበሬ መግዣ አልነበረውማ። በ77 መስከረም መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ሲያደምቅ ሰሜኑ ጦርነት ላይ ነበር፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ ሞቱም በይፋ አይወራም። በ2008 ግን ሴፍቲኔት ከተጀመረ አሥር ዓመት አልፎት ነበር፣ መንገድ ነበረ፣ እህሉ ቶሎ ተገዛ። አባቴ እስከዛሬ «ድርቅ ገደለን» ሲባል ይቆጣል። «ድርቁ አስራበን፣ የገደለን ሌላ ነው» ይላል።

ቁጥር አይዋሽም፦
አባትህ ያሉት እኮ የኔው ክርክር ነው! ዋናው የዝናቡ መብዛት ማነስ አይደለም፣ የሚደርስበት ሰው ሁኔታ ነው። ተጋላጭነት ማለት ይሄ ነው። ኪሳራው ሰባት እጥፍ ያደገው ሰማዩ ሰባት እጥፍ ስለከፋ አይደለም። ሰው በዛ፣ ቤት በዛ። ድሮ ሜዳ ላይ የወረደ ጎርፍ ሣር ይወስዳል፤ ዛሬ እዚያው ሜዳ ላይ ሱቅ አለ።

ወሎዬ በጅማ፦
እንግዲያው የአባቴን ክርክር ከቲቪ ጋር አታስቀምጠው።

ካልቨርት፦
እዚህ ላይ ልግባ፣ ሥራዬም ስለሆነ። «ሰማዩ አልከፋም» የምትለው ግማሽ እውነት ነው። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሊሸከም የሚችለው እርጥበት 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሲለቀው ደግሞ በአንዴ ነው የሚለቀው። ግን ጅማን እንይ። ድሮ ከላይ ከጂሬን ኮረብታ የወረደ ዝናብ በጓሮው፣ በቡናው ጥላ ሥር፣ በሣሩ እየሰረገ ነበር አዌቱ የሚደርሰው። ዛሬ ጣራው ቆርቆሮ፣ ግቢው ሲሚንቶ፣ መንገዱ አስፋልትና ኮብልስቶን ነው። ያው ዝናብ በሰዓታት ይመጣ የነበረው በደቂቃዎች ይመጣል። ዲቹ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦዩ፣ ደግሞ የተሠራው ለድሮው ጅማ ነው።

የጂሬኗ፦
ዲቹ ውስጥ ያለውን ተወው እንጂ። ሀይላንድ፣ ፌስታል፣ የበግ ቆዳ። እዚሁ ጅማ መርካቶ ሠፈር ያለውን ሄዳችሁ እዩ።

መርካቶ ልጅ፦
ለምን መርካቶ? ከላይ እናንተ የምትጥሉት ነው ታች እኛ ጋ የሚደርሰው። ውሃ ሽቅብ ይሄዳል?

የጂሬኗ፦
ሀይላንድ ውሃ በደርዘን የሚሸጠው ማነው? እኔ ነኝ?

መርካቶ ልጅ፦
የሚጠጣውስ?

የአዌቱ ዳር ልጅ፦
ኧረ ወደ ነገሩ እንመለስ። እኔ «አረንጓዴ ስለሆነ» የሚለው ነው ያንገበገበኝ። አረንጓዴ ከሆነ አይጎዳም ያለው ማነው? ጎፋ አረንጓዴ አይደለችም? ሐምሌ 15 ቀን 2016 የናዳው ፎቶ ሲወጣ ሁላችንም አይተናል። ኮረብታው ዙሪያውን ልምላሜ፣ መሃሉ ላይ እንደ ቁስል የተላጠ ቀይ አፈር። ከ200 በላይ ሰው ነው እዚያ የቀረው። ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ጎረቤቶች በእጅና በዶማ ሊያወጡ የሮጡ ናቸው፤ ሁለተኛው መጥቶ በላያቸው ወደቀ። ያቺ አገር ያ ካርታ ላይ ምን ቀለም እንደሆነች ልጠይቅ ነበር እጄን ያወጣሁት።

የሰቃ ልጅ፦
ወላሂ እውነት ነው። እኛ ጋም ዳገቱ ላይ ያለው ሰው ሐምሌ ላይ እንቅልፍ የለውም።

ቁጥር አይዋሽም፦
ጎፋ ከባድ ነው፣ አልክድም። ግን ካርታ የሚሠራው በስሜት አይደለም። አፍሪካ ውስጥ በእነዚያ 50 ዓመታት ከሞተው 731,747 ሰው 95 በመቶው በድርቅ ነው። ዘጠና አምስት! ጎርፍም ናዳም ማዕበልም ተደምሮ የቀረችው አምስት ናት። ገንዘብ ያለው ሰው መጀመሪያ ወዴት ይሂድ? ቀይ የተቀባው ቦታ። እንግዳው ልክ ነው።

ካልቨርት፦
ከዚያው ዘገባ ያልጠቀስከውን እኔ ልጥቀስልህ። አፍሪካ ከአደጋው 15 በመቶ፣ ከሟቹ 35 በመቶ፣ ከገንዘብ ኪሳራው 1 በመቶ ነው የደረሳት። አንድ! ሠላሳ አምስት ሬሳ ለሚሸከም አንድ ብር ጻፉለት። ይሄን እንዴት ታየዋለህ?

ቁጥር አይዋሽም፦
በቀላሉ። አሜሪካ አንድ ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ ውድ ውድ ቤት ይወስዳል፣ ኢንሹራንስ ይከፍላል፣ ደረሰኝ አለ። እኛ ጋ የሚጠፋ ንብረት ትንሽ ነው።

የአዌቱ ዳር ልጅ፦
ያዙት! ያዙት! ቅድም «አሁን የሚሞተው ቲቪ ነው» አለን፣ አሁን ደግሞ ቲቪ የላችሁም አለን። የቱን እንመን?

መርካቶ ልጅ፦
ቲቪው ተሰርቋል 😂

ቁጥር አይዋሽም፦
ቅድም የዓለሙን ነው ያወራሁት፣ አሁን የአፍሪካን። ማንበብ ጥሩ ነው።

የአዌቱ ዳር ልጅ፦
ቅድም «ይሄን መሻሻል ነው የምለው» ያልከው ለኔ ስትመልስ ነው። እኔ የምኖረው የት ነው? ሚያሚ?

የሰቃ ልጅ፦
ትንሽ ነው አልክ? የኔ አባት የዓመት ገቢው ያ ቡና ነው። አሜሪካዊው ቤቱ ሄዶ ኢንሹራንሱ ሌላ ያቆምለታል። አባቴ የሚያልባትን ላም ነው የሸጠው። በዶላር ስትመታት ምናልባት የአንድ ቲቪ ዋጋ ናት። እኛ ቤት ግን ልጆቹ ወተት ያዩት በሁለተኛው ዓመት ነው። ያ የት ይጻፋል?

ካልቨርት፦
አልተጻፈም፣ አንድ በመቶው የመጣው ከዚያ ነው። ጠፍቶ ሳይሆን ማንም ሳይቆጥረው። ቤልጂየም የሉቨን ዩኒቨርሲቲ የሚይዘው የአደጋ መዝገብ፣ ይሄ የዘገባው ቁጥር የተቀዳበት፣ አደጋን የሚያስገባው 10 ሰው ሲሞት ወይም 100 ሰው ሲጎዳ፣ ወይ አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ፣ ወይ የውጭ እርዳታ ሲጠየቅ ነው። የአዌቱ ዳር ልጅ፣ ስንት ቤት ነው የገባው?

የአዌቱ ዳር ልጅ፦
በኛ መስመር ብቻ ወደ 30 ቤት።

ካልቨርት፦
ስድስት ስድስት ሰው ብትል 180። መሥፈርቱን ያልፋል። ማን መጥቶ ጻፈው?

የአዌቱ ዳር ልጅ፦
አንድ ሰው ሞተር ሳይክል ላይ ሆኖ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሄዷል። ዘመዱ ለማሳየት ይሆናል።

ቁጥር አይዋሽም፦
ያ እኮ ለኔ ነው የሚያግዘው! የድሮው መዝገብ ከዛሬውም የባሰ ጎደሎ ከሆነ፣ አደጋው በዛ የምትሉት ከፊሉ መጻፉ ስለበዛ ነው። በ1962፣ በፈረንጅ 1970፣ ሞባይል ነበረ?

ካልቨርት፦
በዚህ አልከራከርህም። ዛሬም ግን ተጽፎ አላለቀም ነው የምልህ፣ በተለይ እንደ ጅማ ያለ «አረንጓዴ» ጋ።

ጊቤ ማዶ፦
ዘግይቼ ነው የገባሁት። አንድ ነገር ማንም አላነሳም። የኛ ዝናብ የት ነው የሚሄደው? አዌቱ ቦዬ ረግረግ ይገባል፣ ከዚያ ጊልገል ጊቤ፣ ከዚያ ኦሞ፣ ቱርካና። በ2006 ነሐሴ ኦሞ ሞልቶ ታች ደቡብ ኦሞ ዳሰነች ላይ 364 ሰው ገደለ፣ ከብቱማ በሺህ ነው። እዚያ በዚያ ልክ አልዘነበም፤ ውሃው ከላይ ከደጋው ነው የወረደው። እኛ አረንጓዴ ነን እያልን እንተኛለን፣ ታች ያለው ያልቃል።

የጂሬኗ፦
በ2006 የምን የኦሞ ጎርፍ? በ2006 አርባ ምንጭ ነበርኩ፣ ምንም አልሰማሁም።

ጊቤ ማዶ፦
በፈረንጅ ነው እህቴ። በኛ 1998። ድሬዳዋም በዚያው ሰሞን ነው፣ ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰው የወሰደ ጊዜ።

የጂሬኗ፦
ታዲያ በኛ አትጽፈውም? ከላይ ወሎዬ በ77 ይላል፣ አንዱ በ1970 ይላል፣ አንተ 2006። የቱ በማን እንደሆነ በምን ልወቅ?

መርካቶ ልጅ፦
የቁጥር አይዋሽምን ቁጥር ያዋሸው ካላንደር ነው።

ቁጥር አይዋሽም፦
ኦሞ ላይ ግን ማጋነን ይቅር። የኦሞ ውሃ የጅማ ብቻ አይደለም። ከወለጋም፣ ከጉራጌም፣ ከከፋም ይሰበሰባል። ደግሞ ያኔ ኦሞ ላይ የጊቤ ሦስት ግድብ አልነበረም። ደቻቱን ካነሳህ፣ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው እዚያ ገበያ አቁሞ ቤት ሠርቶ ይኖር ነበር። ወንዙ ወደ ሰው አልሄደም፣ ሰው ነው ወደ ወንዙ የሄደው። ይቅርታ አድርግልኝና የአዌቱ ዳር ልጅም እንደዚያው ነው። ማን ወንዝ ዳር ውረድ አለህ?

የአዌቱ ዳር ልጅ፦
ኪራዩ አለኝ። አንተ ፈረንጅ አራዳ ነው የምትኖረው? ፎቅ ላይ? ከወንዙ ሁለት መቶ እርምጃ ሲርቅ ኪራዩ እጥፍ ነው። ዝናብ የሚመጣው በዓመት ሦስት አራት ወር፣ አከራይ የሚመጣው በየወሩ ነው።

የሰቃ ልጅ፦
👏👏

ካልቨርት፦
ቦዬንም አትርሱ። ረግረጉ ክረምት የመጣውን ውሃ ይጠጣና ቀስ እያለ ይለቀው ነበር። ጠርዙ ለሸክላ ጡብ ተቆፈረ፣ ቀሪው ባሕር ዛፍ ተተከለበት። ውሃው የት ይረፍ?

የጂሬኗ፦
ጉማሬዎቹስ? እነሱ አረንጓዴ ናቸው ወይስ ቀይ? 😅

አባ ጫካ፦
ደኑን የጨረሱት ከውጭ መጥተው የሰፈሩት ናቸው። በ77 አገሩ ሲሞላ ነው ሁሉ ነገር የተበላሸው። ማን እንደሆነ እዚሁ ላይ አለ፣ ስሙን ጽፎ።

ወሎዬ በጅማ፦
ስሜን ጽፌ ነው የገባሁት፣ አንተ ግን በጫካ ስም ተደብቀህ ነው። እኔ የተወለድኩት ጅማ፣ የተማርኩት ጅማ፣ ልጆቼ እቤት በኦሮምኛ ነው የሚያወሩኝ። አባቴን በአውቶብስ ጭኖ ያመጣው መንግሥት ነው፤ «የት ትወርዳለህ» ብሎ የጠየቀው የለም። ለመሆኑ ከጫካው ዛሬ የሚወጣው ከሰል በማን አይሱዙ ነው የሚጫነው? በአባቴ?

የሰቃ ልጅ፦
አባ ጫካ ዝም በል። የሱ አባት የኔ አባት ጎረቤት ናቸው። ያን ጊዜ እንሰት አብልተን የተቀበልናቸው እኛ ነን፣ ዛሬ እዚህ የምታፍርብን አንተ ነህ።

አድሚን፦
ሰፋሪ፣ መጤ፣ ነባር የሚል ቃል ከዚህ በኋላ የጻፈ ይወጣል። አባ ጫካ ለሰባት ቀን ታግዷል። በርዕሱ ላይ ብቻ።

መርካቶ ልጅ፦
ርዕሱ ቲቪ ነው ወይስ ኩኪስ?

ቁጥር አይዋሽም፦
እኔ የተናገርኩትን እየቆረጣችሁ ነው የምትጫወቱበት። ያልኩት ሦስት ነገር ነው። ሞት ቀንሷል፤ ማንም አልካደም። ኪሳራ ጨምሯል፤ ማንም አልካደም። ጅማ ከቦረና ይሻላል፤ ይሄንንም ማንም አልካደም። ታዲያ በምን ላይ ነው የተጣላነው?

ወሎዬ በጅማ፦
«ድሮ» በምትለው ቃል። ለአንተ የተዘጋ ነገር ነው። አባቴ ግን እስከዛሬ ጎተራው ሳይሞላ ጳጉሜ አይገባም።

የአዌቱ ዳር ልጅ፦
እኔ ደግሞ «ይሻላል» በምትለው። ከቦረና መሻሌ ለፍራሼ ምን አደረገለት?

ቁጥር አይዋሽም፦
ፍራሽህን ካርታ ላይ ላስገባልህ ነው?

የአዌቱ ዳር ልጅ፦
አዎ!

ካልቨርት፦
እኔም አዎ እላለሁ፣ በቁም ነገር። በየቀበሌው አንድ ደብተር፣ የገባ ውሃ፣ የወደቀ ግድግዳ፣ የራሰ ፍራሽ፣ የሻገተ ቡና፣ ቀኑ። ዲች ስንሠራ ምን ያህል ውሃ እንደሚመጣ የምንገምተው አሁን በግምት ነው፤ ያ ደብተር ቢኖር ስፋቱን አውቀን እንሠራ ነበር።

ቁጥር አይዋሽም፦
ደብተሩን ደግሞ ጎርፍ ይወስደዋል።

መርካቶ ልጅ፦
ይሄኛው ጥሩ ነበር 😂😂 አንድ ነጥብ ለቁጥር።

የጂሬኗ፦
ኧረ ዳመናው! በቆጪ በኩል ጠቁሯል። ልብስ ያሰጣችሁ አስገቡ።

የአዌቱ ዳር ልጅ፦
ይኸው። እኔ ዕቃ ወደ ቆጡ ላውጣ፣ ማታ እመለሳለሁ። አንተንም አልተውህም ቁጥር።

ቁጥር አይዋሽም፦
እጠብቅሃለሁ። አግዛችሁ እንዴ? ባጃጅ ይዤ ልምጣ?

የአዌቱ ዳር ልጅ፦
ና። ግን ጫማ አውልቀህ ነው የምትገባው።

የቦሳ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? ከላይ ያለውን አላነበብኩም። የቲቪው ነገር ምንድነው፣ የሚሸጥ ነው?